የኤድዋርድ ኬኔዲ የሴኔት ተቋም በቦስተን፦ የአርባ ሰባት ዓመት ሕግ አውጪን በሥራ ቦታው መጎብኘት

በቦስተን ከተማ፣ ዶርቼስተር በሚባለው ክፍል፣ ኮሎምቢያ ፖይንት ላይ ሁለት ተቋማት ባሕሩን ይዘው ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው በአርክቴክት አይ ኤም ፔይ የተነደፈውና በ1979 የተመረቀው የፕሬዝዳንት ጆን ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ሲሆን፣ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በስም የሚያውቀው እርሱን ነው። ሁለተኛው በራፋኤል ቪኞሊ ተነድፎ በመጋቢት 2015 መጨረሻ ፕሬዝዳንት ባራክ ኦባማ በተገኙበት የተመረቀው፣ በጆን ኬኔዲ ታናሽ ወንድም፣ በማሳቹሴትሱ ሴናተር በኤድዋርድ ኬኔዲ ስም የተጠራው የሴኔት ተቋም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ግምገማ ጉዳይ ሁለተኛው ነው። አንድ የምክር ቤት አባል በአንድ ወንበር ላይ አርባ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተቀምጦ ምን ሊሠራ እንደሚችል መረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከዚህም በላይ በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን እጅግ ብዙዎቹ ወደዚያ አገር የገቡባቸው ሁለት በሮች፣ ማለትም የ1980ው የስደተኞች ሕግና ዲቪ፣ የተከፈቱት እኒህ ሰው በደከሙባቸው ረቂቆች ስለሆነ፣ ተቋሙ ለአማርኛ አንባቢ የተለየ ጉዳይ አለው።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ ቦታው የሕይወት ታሪክ ሙዚየም አለመሆኑ ነው። ኬኔዲ በሕይወት ሳሉ ሐሳቡን ሲያቀርቡ ያሰቡት ስለ ራሳቸው የሚተርክ ቤት ሳይሆን፣ ሴኔት ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ለወጣቶች የሚያስተምር ቤት ነበር። ባለቤታቸው ቪክቶሪያ ኬኔዲም ከእርሳቸው ሞት በኋላ ሐሳቡን ከፍጻሜ ለማድረስ ግንባር ቀደም ሆነው ሠርተዋል። ስለዚህ ጎብኚው በትውልድ ተጀምሮ በቀብር የሚያልቅ የፎቶግራፍ ኮሪደር ከጠበቀ የሚያገኘው ሌላ ነው፤ የሕንፃው ልብ አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው።

ያ አዳራሽ ዋሽንግተን በሚገኘው ካፒቶል ውስጥ ያለው የሴኔት መሰብሰቢያ በትክክለኛ መጠኑ እንደገና የተሠራበት ነው። መቶዎቹ የአባላት ጠረጴዛዎች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊታቸው የሰብሳቢው ከፍ ያለ መድረክ ይታያል። በእውነተኛው አዳራሽ ውስጥ ተራ ሰው ወለሉን አይረግጥም። እንግዳው በላይኛው ሰገነት ተቀምጦ ቁልቁል ይመለከታል፤ ብዙ ጊዜም የሚያየው ባዶ ወንበሮችንና ለመዝገብ ብቻ የሚናገር አንድ ሰው ነው። እዚህ ግን ጎብኚው በጠረጴዛዎቹ መካከል ያልፋል። ስፋቱንና ጥበቱን በራሱ አካል ሲለካ፣ በተቃራኒ ወገን ያሉ ሰዎች ለዓመታት ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚቀመጡ ይገባዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቴሌቪዥን የሚታየው ሴኔት ሰፊ መድረክ ይመስላል፤ በቦታው ላይ ሲቆሙ ግን ሰው ሰውን ሳያይ ሊያልፍ የማይችልበት ክፍል ነው፤ የኬኔዲ ሥራም አብዛኛው የተሠራው በዚህ መቀራረብ ነው።

የጠረጴዛዎቹ ታሪክ ለብቻው ሊነገር የሚገባ ነው። እንግሊዞች በ1814 ካፒቶልን ካቃጠሉ በኋላ በ1819 ለሴኔቱ አዳዲስ ጠረጴዛዎች የተሠሩ ሲሆን፣ ከእነዚያ ብዙዎቹ በዋሽንግተን ዛሬም አገልግሎት ላይ ናቸው። አባላት ስማቸውን በመሳቢያው ውስጥ የሚጽፉበት ወይም የሚቀርጹበት የቆየ ልማድም አለ። ኬኔዲ በኋለኛው ረድፍ የተቀመጡት ወንድማቸው ጆን ሴናተር በነበሩበት ጊዜ በተጠቀሙበት ጠረጴዛ ሲሆን፣ የአገልግሎት ዘመናቸው ወደ ፊት ረድፍ የመቅረብ መብት ካስገኘላቸው በኋላም ከዚያ አልተነሡም። ስለ ሰውዬው ብዙ የሚናገር ምርጫ ይመስለኛል።

ተቋሙ ከፍተኛውን ምስጋና የሚያገኘው ግን ከሚያሳየው ይልቅ ከሚያሠራው ነው። የትምህርት ቤት ተማሪዎች በቡድን ሲመጡ እያንዳንዳቸው የአንድ ሴናተርን ቦታ ይይዛሉ፤ ረቂቅ ሕግ ይቀርብላቸዋል፤ የወከሉትን ክፍለ ግዛት ጥቅም ያጠናሉ፤ በኮሚቴ ይከራከራሉ፤ ማሻሻያ ይደራደራሉ፤ በመጨረሻም በዚያው አዳራሽ ድምፅ ይሰጣሉ። የዚህ አሠራር ብልጫ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሴኔትን ከሌሎች ምክር ቤቶች የሚለየውን ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሴኔት አብዛኛውን ረቂቅ ለማሳለፍ ተራ አብላጫ ድምፅ አይበቃም፤ ጥቂት አባላት ክርክሩ እንዳይዘጋ ማድረግ ይችላሉ፤ ክርክሩን ለመዝጋት ከ1975 ወዲህ ስድሳ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊትም ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ነበር። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ለፈተና ያስታውሰዋል። አምሳ አምስት ድምፅ በእጁ ይዞ ረቂቁ ሲቀርበት ያየ ተማሪ ግን የጎደሉትን አምስት ሰዎች ለመፈለግ ከመቀመጫው ይነሣል፤ የሚጠሉትን አንቀጽ ይጠይቃል፤ የትኛውን ቢተው ሕጉ ሕግነቱን እንደማያጣ ያሰላል። የሕግ አውጪ ሥራ ማለት ይኸው ነው፤ ይህንንም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማስጨበጥ የቻለ ተቋም ሊመሰገን ይገባል።

ይህን ስመለከት ስለ አገራችን ሳላስብ ማለፍ አልቻልኩም። በ1931 በወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ከተቋቋሙ፣ በ1957 ደግሞ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ አባላትን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመረጠ ብዙ ዘመን አልፏል። ሆኖም አንድ ልጅ አራት ኪሎ የሚገኘውን ምክር ቤት በደጅ ከሚታየው ሰዓቱ አልፎ፣ ረቂቅ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚያልፍ በራሱ እጅ ሞክሮ የሚያውቅበት እንዲህ ያለ ቤት ቢኖረን ምንኛ በወደድኩ።

አዳራሹን በሚገባ ለመጠቀም ጎብኚው የሰውዬውን የሥራ ታሪክ ይዞ ቢገባ ይሻለዋል። ኤድዋርድ ኬኔዲ የካቲት 22 ቀን 1932 ቦስተን ውስጥ፣ ከዘጠኝ ልጆች የመጨረሻው ሆነው ተወለዱ። በሃርቫርድ ሳሉ ሌላ ተማሪ በእርሳቸው ስም እንዲፈተን በማድረጋቸው በ1951 ከትምህርት ታገዱ፤ ሁለት ዓመት በጦር ሠራዊት አገልግለው ተመለሱና በ1956 ተመረቁ፤ ቀጥሎም በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ። በ1962 ወንድማቸው ፕሬዝዳንት ሆነው በለቀቁት የማሳቹሴትስ ወንበር ሲወዳደሩ የሠላሳ ዓመት ወጣት ነበሩ። በዴሞክራቲክ ፓርቲው የውስጥ ምርጫ የተፎካከሯቸው ኤድዋርድ ማኮርማክ፣ የቤተሰቡ ስም ባይኖር ኖሮ እጩነታቸው መሳቂያ ይሆን እንደነበር በክርክር ላይ ፊት ለፊት ነግረዋቸዋል። ትችቱ እውነት ነበረው። ወንበሩን ያገኙት በስማቸው ነው፤ በወንበሩ ላይ ያደረጉትን ግን ስም ብቻ አያደርገውም።

ወጣቱ ሴናተር ወደ ምክር ቤቱ ገብተው የመጀመሪያውን ትልቅ ንግግራቸውን ለማድረግ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቁ። በዚያ ዘመን አዲስ አባል ዝም ብሎ መማር ይጠበቅበት ነበር፤ አዲስ አባላት በተራ የሚመደቡበትን አሰልቺ ስብሰባ የመምራት ሥራም ያለ ማጉረምረም ይሠሩት ነበር። ኅዳር 22 ቀን 1963 የወንድማቸው መመታት የተነገራቸው በዚያው የሰብሳቢ መቀመጫ ላይ ሳሉ ነው። የመጀመሪያውን ንግግራቸውን በሚያዝያ 1964 ያደረጉት ስለ ሲቪል መብቶች ሕግ ነበር። በሰኔ ወር ክርክሩ በ71 ለ29 ድምፅ ተዘጋ፤ ሰኔ 19 ቀን ሕጉ በ73 ለ27 አለፈ፤ በዚያው ምሽት ኬኔዲን ይዛ ወደ ማሳቹሴትስ ትበር የነበረች አነስተኛ አውሮፕላን ወድቃ አብራሪውና አንድ ረዳታቸው ሞቱ። እርሳቸው አከርካሪያቸው ተሰብሮ ለወራት ሆስፒታል ተኙ፤ የጀርባው ሕመም እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አልለቀቃቸውም።

በዓመቱ የሆነው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ሰዎችን በትውልድ አገራቸው ኮታ እየለየ ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ በር ከፍቶ፣ እስያንና አፍሪካን በጠባብ ቀዳዳ ያስተናግድ ነበር። ይህን ኮታ የሻረውን የ1965 ሕግ በሴኔት ወለል ላይ የመሩት የሠላሳ ሦስት ዓመቱ ኬኔዲ ናቸው። የፍትሕ ኮሚቴው ሊቀ መንበር የሚሲሲፒው ጄምስ ኢስትላንድ የዘር መለያየት ደጋፊ ነበሩ፤ ሆኖም ረቂቁን በንዑስ ኮሚቴው ውስጥ እንዲመሩ ለወጣቱ ባልደረባቸው ቦታውን ለቀቁላቸው። ኬኔዲ እኒህን አዛውንት በአክብሮት ይዘዋቸው ነበር፤ በሐሳብ ግን አንድም ቀን አልተስማሙም። ተማሪዎቹ በአዳራሹ ውስጥ የሚማሩት ጥበብ በእውን እንዲህ ይመስላል፤ የማይስማማህን ሰው በር እንዲከፍትልህ ማድረግ።

የ1980ው የስደተኞች ሕግ በእኔ ግምት የዚህ ሰው ታላቁ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት አሜሪካ ስደተኛ የምትለው በዋናነት ከኮሙኒስት አገሮችና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸውን ሰው ነበር፤ ሌላው የሚገባው ባለሥልጣናት በየጊዜው በሚሰጡት ልዩ ፈቃድ ነበር፤ ችግር በተነሣ ቁጥርም ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ይጀመር ነበር። ኬኔዲ በ1979 የፍትሕ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሲሆኑ ያቀረቡት ረቂቅ የተባበሩት መንግሥታትን የስደተኛ ትርጉም ወሰደ፤ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት መሳደድን በእውነተኛ ምክንያት የሚፈራ ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ ስደተኛ ነው አለ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመደበኛነት 50,000 ሰው በዓመት እንዲገባ ፈቀደ፤ ከዚያም ፕሬዝዳንቱ ከኮንግሬስ ጋር እየተመካከሩ የየዓመቱን ቁጥር እንዲወስኑ አደረገ፤ በአሜሪካ ምድር ላይ ሆኖ ጥገኝነት የመጠየቅን ሥርዓት በሕግ አጸና፤ ለሰፋሪዎች ድጋፍ የሚሰጥ መሥሪያ ቤትም አቋቋመ። ሴኔቱ ረቂቁን ያለ አንድ ተቃውሞ በ85 ድምፅ ተቀበለው፤ መጋቢት 17 ቀን 1980 በፕሬዝዳንት ካርተር ፊርማ ሕግ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ከቀይ ሽብርና ከጦርነት ሸሽተው ሱዳን የገቡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በካምፖችና በካርቱም ጎዳናዎች ላይ ነበሩ። በዚህ ሕግ መሠረት ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ከተወሰዱት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ብዙዎቹ እነርሱ ናቸው። በገዳሪፍ አልፈው ዳላስ ወይም ዋሽንግተን የደረሱ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ አባቶችና እናቶች የቃለ መጠይቁን ቀን ያስታውሳሉ፤ ያን ጥያቄ የሚጠይቀው መኮንን በእጁ የያዘውን ሕግ ማን እንደደከመበት ግን ጥቂቶች ብቻ ያውቃሉ። ልጆቻቸው ይህን አዳራሽ ቢያዩ መልካም ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ኬኔዲ ወደ አገራችንም መጥተው ነበር። በታኅሣሥ 1984፣ እኛ የ77ቱ ረሃብ በምንለው ጊዜ፣ ኬራ ከተባለችው ሴት ልጃቸውና ከስመ ሞክሼ ወንድ ልጃቸው ጋር ሆነው በሰሜን ኢትዮጵያ የነበሩ የረሃብተኞች መጠለያዎችን ጎበኙ። ከዚያ በጥር ወር ደቡብ አፍሪካ ሄዱ፤ በአፓርታይድ መንግሥት ላይ ማዕቀብ የጣለው ሕግ በ1986 ፕሬዝዳንት ሬጋን ሳይቀበሉት ቀርተው ሴኔቱ በ78 ለ21 ውሳኔያቸውን ሲሽር ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ።

ዲቪ ደግሞ የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ታሪኩም ሕግ እንዴት ካሰበበት ውጭ እንደሚደርስ ያሳያል። በ1980ዎቹ በማሳቹሴትስ ብዙ አየርላንዳውያን ያለ ፈቃድ ይኖሩ ነበር፤ የ1965ቱ ሕግ ለቤተሰብ ጥሪ ቅድሚያ ስለሰጠ፣ የቅርብ ዘመድ የሌለው አየርላንዳዊ መግቢያ አጥቶ ነበር። ኬኔዲ በ1989 ያቀረቡት ረቂቅ ከተወካዮች ምክር ቤት ከመጡ ሐሳቦች ጋር ተዋህዶ ኅዳር 29 ቀን 1990 በፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ ተፈረመ። ሕጉ በአንድ በኩል ለሽግግር ጊዜ አየርላንድን የሚጠቅም ዕጣ አስቀመጠ፤ በሌላ በኩል ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ጥቂት ሰው ወደ አሜሪካ ለላኩ አገሮች በዓመት 55,000 ቪዛ መደበ። ለአየርላንድ ተብሎ የተጠረገው መንገድ ብዙም ሳይቆይ የአፍሪካ ሆነ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት ወይም የሁለት ዓመት ሙያ ያለው ሰው ያለ ዘመድና ያለ ቀጣሪ ሊያመለክት ስለቻለ፣ በየኢንተርኔት ካፌው ፎቶ ተነሥቶ ፎርም መሙላት በአገራችን ከተሞች የየዓመቱ ጉዳይ ሆነ። ረቂቁን የጻፉት ሰዎች አዲስ አበባን አስበው አልነበረም። ይህ ግን የሥራውን ዋጋ አይቀንስም፤ በሕጉ ውስጥ የተጻፈው ለአንድ አገር ሳይሆን ለሁሉም የሚሠራ መመዘኛ ስለነበረ ነው እኛ ጋ የደረሰው።

ከአዳራሹ ቀጥሎ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ኬኔዲ በዋሽንግተን ይሠሩበት የነበረው ቢሮ አምሳያ ነው። የቤተሰብ ፎቶግራፎች፣ ከጀልባና ከባሕር ጋር የተያያዙ ዕቃዎች፣ መጻሕፍትና የጽሕፈት ጠረጴዛው እርሳቸው ባኖሩበት መልክ ተቀምጠዋል። ክፍሉ የሰውየውን ጠባይ ከማንኛውም መግለጫ በተሻለ ይናገራል። ኬኔዲ በሴኔት ውስጥ ከሁሉ የላቀ የረዳቶች ቡድን እንዳላቸው ይነገርላቸው ነበር፤ ማታ ማታ ረዳቶቻቸው የሰነድ ቦርሳ ሞልተው ይሰጧቸዋል፤ ጠዋት ማስታወሻ ተጽፎበት ይመለሳል። እርሳቸውና ረዳቶቻቸው ያዘጋጇቸው ከ300 በላይ ረቂቆች ሕግ እንደሆኑ ሲነገር የሚያስደንቀው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ከፊሎቹ ከማን ጋር እንደተሠሩ ነው። የዩታው ሪፐብሊካን ኦሪን ሃች በ1977 ሴኔት የገቡት ኬኔዲን ለመታገል እንደነበር ራሳቸው ሲናገሩ ኖረዋል፤ በ1997 ግን ሁለቱ አብረው፣ ወጪውን በሲጋራ ላይ በሚጣል ግብር የሚሸፍን፣ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የሚሆን የጤና መድን አስጸደቁ። በ1990 ለአካል ጉዳተኞች መብት የወጣው ሕግ ሲመከርበት ኬኔዲ የአእምሮ እድገት ውሱንነት ስላለባት እኅታቸውና በካንሰር አንድ እግሩን ስላጣ ልጃቸው ተናገሩ። የእነዚህ ሕጎች ዝርዝር ቢቀጥል ገጹን ይሞላል፤ እዚህ ላይ ላቁም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ሐምሌ 1969 ቻፓኩዊዲክ በምትባል ደሴት ኬኔዲ ይነዷት የነበረች መኪና ከድልድይ ወድቃ፣ አብራቸው የነበረችው የሃያ ስምንት ዓመቷ ሜሪ ጆ ኮፔክኒ ሞተች። እርሳቸው ከውኃው ወጥተው ለፖሊስ ሳያሳውቁ አሥር ሰዓት ያህል አለፈ። ከአደጋ ቦታ በመሄድ ጥፋታቸውን አምነው፣ የሁለት ወር እስራት በገደብ ተፈረደባቸው። የፕሬዝዳንትነት ዕድላቸውን ከዚያ በኋላ ማንም ሊመልሰው አልቻለም፤ በ1980 ከራሳቸው ፓርቲ ፕሬዝዳንት ከካርተር ጋር ተወዳድረው ተሸነፉ። ስለ ሴኔት ለማስተማር የተመሠረተ ተቋም ትኩረቱ የምክር ቤቱ ሥራ መሆኑ ተገቢ ነው። ጎብኚው ግን ይህን ታሪክ አስቀድሞ ሳያውቅ ቢሮውን ቢያይ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው የአንድ ሰው ግማሽ ብቻ ይሆናል። የሞተችው ወጣት ስም ከዚህ ሰው ታሪክ ሊነጠል አይገባም፤ የሠሯቸው ሕጎችም በእርሷ ሞት አይሰረዙም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚከብድ ቢሆንም መያዝ ግድ ነው። ከልጆች ጋር የሚሄድ ወላጅ ይህን ጥያቄ በራሱ ቃል ለመመለስ ተዘጋጅቶ ቢሄድ እመክራለሁ።

ሌላም ጎብኚው ይዞት እንዲገባ የምፈልገው ጥያቄ አለ። የልምምዱ መንፈስ መስማማትን ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ትክክል ነው፤ ነገር ግን የኬኔዲ ሕይወት ራሱ መቼ መስማማት፣ መቼ እምቢ ማለት እንደሚገባ መለየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይመሰክራል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኒክሰን አስተዳደር ያቀረበውን የጤና መድን ዕቅድ እጅግ አነስተኛ ነው ብለው አልተቀበሉትም፤ የተሻለ አገኛለሁ ብለው የጠበቁት ሳይመጣ አሠርት ዓመታት አለፉ፤ በኋላም እንደተጸጸቱበት በሰፊው ተዘግቧል። በአፓርታይድ ጉዳይ ግን ለስላሳ ውል ባለመቀበላቸው ታሪክ ትክክል አድርጓቸዋል። ከእኒህ ሁለት አጋጣሚዎች አንድ ወጥ ደንብ ማውጣት አይቻልም። የሴናተርነትን ቦታ የሚይዙት ተማሪዎች ከስምምነቱ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው የተዉት አንቀጽ ማንን እንደጎዳ ቢወያዩ፣ ልምምዱ በእኔ አስተያየት ይበልጥ ይጠልቃል፤ ቡድን ይዘው የሚመጡ መምህራን ይህን በራሳቸው ሊጨምሩት ይችላሉ።

የመጨረሻው ዘመናቸው ለአዳራሹ ትርጉም የሚሰጥ አንድ ቀን አለው። በግንቦት 2008 የአንጎል ዕጢ እንዳለባቸው ታወቀ። በሰኔ መጨረሻ ለአረጋውያን ሕክምና የሚከፈለውን ገንዘብ ከቅነሳ የሚያድን ረቂቅ ከስድሳው ድምፅ አንድ ጎድሎት ወድቆ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን ኬኔዲ ሳይጠበቁ ወደ አዳራሹ ገቡ፤ ባልደረቦቻቸው ከሁለቱም ወገን ቆመው አጨበጨቡ፤ የጎደለውን ድምፅ ሰጡ፤ ውጤቱ መሞላቱን ያዩ ተቃዋሚዎችም ሐሳባቸውን ለውጠው ክርክሩ በ69 ለ30 ድምፅ ተዘጋ፤ ረቂቁም አለፈ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2009፣ በሰባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉለት የጤና መድን ሕግ የተፈረመው ከሰባት ወር በኋላ ነው።

ለመሄድ ላሰቡ አንዳንድ ተግባራዊ ነገሮችን ልጨምር። በከተማው ባቡር የቀዩን መስመር ይዞ ጄኤፍኬ ዩማስ በሚባለው ጣቢያ ወርዶ ከዚያ በአውቶቡስ መድረስ ይቻላል፤ ሁለቱን የኬኔዲ ተቋማት በአንድ ቀን ማየት ቢቻልም፣ ሁለተኛውን ደክሞ ከመጎብኘት ይልቅ ጠዋት በእርሱ መጀመር ይሻላል። የመክፈቻ ቀናትና ሰዓታት በፕሮግራሞች ምክንያት ስለሚለዋወጡ ከመነሣት በፊት በድረ ገጹ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የልምምዱ ፕሮግራም ቀጠሮ የሚይዙ ቡድኖችን የሚያስተናግድ ስለሆነ፣ በየከተማው ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበራትና የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤቶች ወጣቶቻቸውን ሰብስበው ቢያመለክቱ ግለሰብ ብቻውን ሄዶ ከሚያገኘው እጅግ የበለጠ ያገኛሉ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አዳራሹን ይወደዋል፤ የክርክሩን ሥርዓት ግን ላይከታተለው ይችላል።

ቦስተን መድረስ የማይችል አንባቢም ባዶ እጁን አይቀርም። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚለር ማእከል ከ2004 ጀምሮ ከኬኔዲ ከራሳቸው፣ ከረዳቶቻቸው፣ ከባልደረቦቻቸውና ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር ረጃጅም ቃለ መጠይቆችን አድርጎ በ2015 ለሕዝብ ከፍቷቸዋል፤ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ከሁሉ በፊት ስለ ኢሚግሬሽንና ስለ ስደተኞች የሚናገሩትን ክፍሎች ማንበብ፣ ቀጥሎም የ1980ውን ሕግ ጽሑፍ አጠገብ አድርጎ ማነጻጸር ይቻላል፤ ወደ ተቋሙ የሚሄድም ቢሆን ከጉዞው በፊት ይህን ቢያደርግ የአዳራሹን ወለል ሲረግጥ የት ቦታ ምን እንደተባለ ያውቃል።